የቀሩት አራት መቶ እርምጃዎች

ግሌን ፊርን፣ ስኮትላንድ
ኤፕሪል 14 ቀን 1986

ውድ የአክስቴ ልጅ ሄክተር፣

ጤናህ እንዴት ነው? በጎችህስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ከዝናቡ በቀር የሚያማርረን ነገር የለም። አንተም ባለህበት ነፋሱ ከኋላህ፣ ደጅህም ደረቅ ይሁንልህ። ሰላምታዬ እዚህ ላይ አበቃ። የቀረው ወረቀት ለንዴቴ ነው።

ሁለት በጋ ዋሸኸን። ካቻምና ጁን ላይ እመጣለሁ ብለህ አባዬ አልጋህን በገዛ እጁ አነጠፈ። አምና ደግሞ ጁላይ ሳይወጣ ብለህ እኔ የአጃ ቂጣ ስጋግር ከረምኩ። ጎረቤታችን ዋቲ "ያ ልጅ ኒው ዚላንድ የሄደው በዋና ነው እንዴ፣ መምጣቱ እንዲህ የራቀው?" እያለ ይዘባበትብኛል። እኔ ደግሞ የመንደሩ ፖስታ መስኮት ላይ የምቀመጥ ሴት ነኝ፤ ደብዳቤህ ሲመጣም ሲቀርም ከሰው ሁሉ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። የሚቀረው ይበዛል።

ነገሩን ታውቀዋለህ፤ ግን የረሳኸው ስለመሰለኝ ልድገምልህ። አባዬ ተራራ ወጪዎች በዝርዝር ከያዟቸው ሁለት መቶ ሰባ ሰባት የስኮትላንድ ረጃጅም ተራሮች ሁለት መቶ ሰባ ስድስቱን በእግሩ ረግጧል። የቀረው ሜል ዶን ብቻ ነው፤ ከወጥ ቤታችን መስኮት የሚታየው ድቡልቡሉ። አርባ ዓመት ሙሉ የተራራው ትከሻ ላይ በግ ሲጠብቅ ኖሮ አናቱን አንድ ቀን አልረገጠም። ለምን ሲሉት "ሄክተር ሲመጣ" ይላል። እናትህ ሞታ በዘጠኝ ዓመትህ ቤታችን ከገባህ ጀምሮ እኔ ለምጣድ፣ አንተ ለተራራ ነበርን። ቅሬታ የለኝም፣ ወይም ነበረኝና አልፏል።

ጁን ላይ ሰባ ዘጠኝ ይሞላዋል። ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ ራሱን ነቅንቋል። ኦገስት ሲገባ ደግሞ አጋዘን አዳኞቹ ተራራውን ይይዙታል። ስለዚህ ቀን ቆርጫለሁ፤ ጁላይ 5፣ ቅዳሜ። ና። ሌላ የምጠይቅህ ነገር የለም።

ኢሽቤል


ከዱነዲን ማዶ፣ ኒው ዚላንድ
ሜይ 30 ቀን 1986

ለተወደድሽው የአጎቴ ልጅ ኢሽቤል፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ሁሉ ተሻግሮ በደህና ያግኝሽ። አጎቴ እንዴት ናቸው? ሳላቸው ለቀቃቸው? እድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ መልሱን ያዘገየሁት በሥራ ብዛት ነው።

ኢሽቤል፣ ዘንድሮ አይሆንልኝም። አውራዎቹን ከሴቶቹ በጎች ጋር የቀላቀልኩት በቅርቡ ነው፤ ቀጥሎ ክረምት ነው፣ ድርቆሽ የሚያቀርብላቸው ሰው የለም። ከዳተኛ አታድርጊኝ። አንድ ዓመት ብቻ ጠብቁኝ፤ ተራራው የትም አይሄድም።

እስከዚያው የሜል ዶንን ፎቶ ላኪልኝ፤ ከመስኮቱ ሳይሆን ከበጎቹ በረት በኩል የተነሳ። ደግሞ ልጠይቅሽ፣ ከላይኛው በር አጠገብ ያለው ረግረግ አሁንም እስከ ጉልበት ያሰምጣል? ከበረቱ ወደ ትከሻው የሚያወጣው ዳገትስ እንደ ድሮው ነው ወይስ መንገድ አወጡለት? እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።

ለአጎቴ ጉልበታቸውን ስሚልኝ።

ሄክተር


ግሌን ፊርን
ጁላይ 9 ቀን 1986

ውድ ሄክተር፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ረግረጉ እስከ ጉልበት ያሰምጣል፤ ዳገቱም ዳገት ነው። ሰው ይምጣ ሲባል ስለ ጭቃ የሚጠይቅ አንተን አየሁ።

ወጣን። ሰባት ሰዎች ነበርን። አባዬ ጠዋት እንደ ወጉ ጫፉ ላይ የሚያኖረውን ድንጋይ ከደጃችን አነሳ፤ ሁላችንም የየቤታችንን ይዘን ነበር። እሱ ግን ሁለት አነሳ። "ሁለት ምን ያደርግልሃል?" ስለው "አንድ ኪስ ብቻ ከከበደኝ ወደ አንድ ወገን እዞራለሁ" አለኝ። አፉ እንደምታውቀው ነው።

ተራራው ለሚያየው የዋህ ነው፤ ገደል የለው፣ ቋጥኝ የለው። ግን ጫፍ ደረስኩ ባልክ ቁጥር ሌላ ጉብታ ያሳይሃል። ጭጋጉ ወረደብን። በየሃምሳ እርምጃው ተቀመጥን። ዋቲ "ዱጋል፣ አንተ ተራራ እየወጣህ ነው ወይስ እየገዛኸው ነው፣ እያንዳንዱን ድንጋይ እየተቀመጥክ የምትፈትነው?" ሲለው አባዬ ለመሳቅ ትንፋሽ አጠረው። ስድስት ሰዓት ፈጀብን።

ጫፉ ላይ ያለው ትልቁ የድንጋይ ክምር ሲታየን እንደ ወጉ ሃያ እርምጃ ሲቀረን ቆምን፤ ጀርባችንን ሰጠነው። የመጨረሻ ተራራውን የሚጨርስ ሰው ብቻውን ነው የሚነካው፣ ማንም አያየውም፤ ነክቶ እስኪጣራ ድረስ ይጠበቃል። ብዙ ቆየ። ዋቲ "ተኝቶ ይሆን?" እስኪል ድረስ ቆየ። ሲጣራ ድምፁ ቀጭን ነበር። ዞረን ስንሄድ ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጭጋጉ መልሶ ቆሟል። እንኳን ደስ አለህ አልነው፣ ውስኪውን አዞርን፣ ዋቲ ዘፈነ፤ ሲዘፍን ደግሞ ታውቀዋለህ። ስንወርድ አባዬ እየቆመ ወደ ኋላ ይዞር ነበር። ድካም ነው አልኩ።

ፎቶውን ልኬልሃለሁ። ክምሩን ተደግፎ የቆመው እሱ ነው። አንተ የምትቆምበት ቦታ ላይ ማንም አልቆመም፤ ልብ ብለህ እየው።

ኢሽቤል


ከዱነዲን ማዶ
ሴፕቴምበር 2 ቀን 1986

ለክቡር አጎቴ ለዱጋል፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ ለኢሽቤል ሳይሆን ለእርስዎ የጻፍኩት ነገሩ የሁለታችን ስለሆነ ነው።

ፎቶው ደረሰኝ። ወጡት አሉ። አንድ ዓመት ጠብቁኝ ብዬ ለምኜ ነበር፤ አልጠበቁኝም። ይሁን። ግን አጎቴ፣ የተደገፉት ትልቁን ክምር ነው። የሸለቆው ሰው ሁሉ እዚያ ደርሶ ነው የሚመለሰው፣ ካርታውም የከፍታውን ቁጥር የጻፈው እዚያ ላይ ነው። እርስዎ ግን ያውቃሉ። ጠርሙሱን ረሱት? ሌላ ሰው ቢሳሳት አይገርመኝም። እርስዎ አልጨረሱም። አንድ ይቀርዎታል። ውስኪው የተጠጣው በከንቱ ነው።

ይህን የሚነግርዎት ሌላ ሰው ስለሌለ ነው የነገርኩዎት። አክባሪዎ፣

ሄክተር


ግሌን ፊርን
ኦክቶበር 6 ቀን 1986

ሄክተር፣

ሰላምታ የለኝም። ምርቃትም አላስቀረሁልህም።

ደብዳቤህ ከመጣ ሦስት ሳምንት ሆነው። ሦስት ሳምንት የቆየሁት እጄ እስኪበርድ ነው፤ አልበረደም። አባዬ ደብዳቤውን ሰጥቶኝ "አንብቢልኝ" አለኝ። አዎ፣ አንብቢልኝ። ዓይኑ ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ሰው ይለያል፣ ፊደል አይለይም። ይህን ለሄክተር እንዳትጽፊ ብሎኝ ነው ያልጻፍኩልህ። ስለዚህ ያንን መርዝ አንብቤ ጮክ ብዬ መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ሰላምታውን አነበብኩለት፣ መካከሉን ዘለልኩት፣ "አክባሪዎ" የሚለውን አነበብኩለት። "ይኸው ነው?" አለኝ። "ይኸው ነው" አልኩት። በሃያ ስድስት ዓመት የፖስታ ሥራዬ የሰው ደብዳቤ አጉድዬ አላውቅም። ሌባ አደረግኸኝ።

ምን ዓይነት ሰው ነህ? አሥራ ሁለት ሺህ ማይል ርቀህ ተቀምጠህ፣ ሞራ የጋረደውን ሽማግሌ "አንድ ይቀርዎታል" ትለዋለህ? በዓሉ ላይ ለመገኘት ጊዜ አልነበረህም፤ በዓሉን ለማበላሸት ግን ቴምብር ነበረህ። ስድስት ሰዓት እኮ ነው የወጣው! ክንዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከደረቱ የሚወጣውን ድምፅ የሰማሁት እኔ ነኝ። አንተ ፎቶ ተቀብለህ ስህተት ፈለግክበት።

ስለ ጠርሙሱ ያልከው አልገባኝም፣ እንዲገባኝም አልፈልግም። አትምጣ። ዘንድሮም፣ ለከርሞም አትምጣ። ደብዳቤም አትጻፍ።

ኢሽቤል


ግሌን ፊርን
ኖቬምበር 23 ቀን 1986

ሄክተር፣

አትጻፍ ብዬህ እኔው ጻፍኩ። መልስህን አልጠበቅኩም፤ የሆነ ነገር አለ።

አባዬ እኔን አላመነኝም። ሥራ ስሄድ ደብዳቤህን ለዋቲ ሰጥቶ ከላይ እስከ ታች አስነበበው። ማታ ስገባ ሁለቱ እሳቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ዋቲ መሬት መሬት ያያል፣ አባዬ ደግሞ ሆዱን ይዞ ይስቃል፣ ይስላል፣ እንደገና ይስቃል።

"ምን ያስቅሃል?" አልኩት።

"ልጁ አልረሳም! ጠርሙሱን አልረሳም!"

ከዚያ ነገረኝ፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሁለታችሁ የደበቃችሁኝን። አሥራ ሁለት ዓመትህ ሳለ ከሜል ዶን ፊት ለፊት፣ በከፍታ እኩያው ከሆነው ካርን ዱ አናት ላይ በሆዳችሁ ተኝታችሁ፣ ግማሽ የጎደለ የውስኪ ጠርሙስ በዓይናችሁ ትክክል ይዛችሁ፣ በውስጡ በተኛው የውስኪው ወለል መስመር ለካችሁት። ትልቁ ክምር ከወለሉ በታች ዋለ፤ በስተምሥራቅ ያለችው ትንሿ ጉብታ ከወለሉ በላይ ወጣች። እውነተኛው ጫፍ እሷ ናት፣ ከክምሩ አራት መቶ እርምጃ ርቃ። የሸለቆው ሰው ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ የተሳሳተ ድንጋይ ሲነካ ኖሯል ማለት ነው። እናንተም "እሷን የምንረግጣት በመጨረሻ፣ አብረን ነው፤ እስከዚያ ለማንም አንናገርም" ተባባላችሁ።

"ታዲያ ሲያዞሩልህ ውስኪውን ለምን ጠጣህ? እንኳን ደስ አለህ ሲሉህ ለምን ዝም አልክ?" አልኩት።

"ስድስት ሰው ሳንድዊች ተሸክሞ፣ እኔን ሲጠብቅ በብርድ ተንቀጥቅጦ፣ 'ገና ነው፣ ሂዱ' ልበላቸው? ውስኪውም ጥሩ ነበር።"

"ካልጨረስክ ለምን ወጣህ?"

"አንቺ ቀን ቆረጥሽ፤ አንቺን እምቢ ብሎ የሚኖር አለ? ደግሞ እስከ ክምሩ ድረስ እግሬ ይችል እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነበር። ቻለ። የቀረችው የሄክተር ናት።"

ተነሥቼ ካፖርቱን ፈተሽኩ። ሁለተኛው ድንጋይ ኪሱ ውስጥ አለ። ከጁላይ ጀምሮ እዚያው ነው። ለአንተ የያዘው ነው።

እንዴት እንደተናደድኩ ልነግርህ አልችልም። አንተ ላይ፣ ጠብቆህ ሳለ አልጠበቁኝም ብለህ ስለሰደብከው። እሱ ላይ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ እንደ ጅል አስቁሞኝ ስለዋሸኝ። ሁለታችሁ ላይ፣ እኔ እዚያው ምድጃ አጠገብ እያለሁ ማንም ስላልነገረኝ። ለጠርሙሱ ሚስጥር እኮ አንድ ተጨማሪ ሰው አይከብደውም ነበር!

አሁን እስከ ግቢው በር እንኳ አይደርስም። ግን ደብዳቤህን ትራሱ ሥር አድርጎ ነው የሚተኛው፤ "አንድ ይቀርዎታል" የሚለውን ዋቲ በመጣ ቁጥር ያስነብበዋል። አትምጣ ያልኩህን እርሳው። ና። ተራራ ስለ መውጣት አላወራም። ና፣ አጠገቡ ተቀመጥ።

ኢሽቤል


ከዱነዲን ማዶ
ጃንዋሪ 11 ቀን 1987

እህቴ ኢሽቤል፣

በምን አፌ ሰላም ልበልሽ። ደብዳቤሽን ካገኘሁ አንድ ወር ሆነኝ፤ በየምሽቱ ብዕር አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። እውነቱን ልጻፈው፤ ከዚህ በላይ ብሸሽ ሰው አልባልም።

የዛሬ ሦስት ዓመት ትራክተር ተገልብጦብኛል። ዳሌዬ ተሰብሮ ብረት ገብቶበታል። አንዱ እግሬ አጥሯል፣ በበትር ነው የምሄደው። ካቻምና ለከርሞ ይሻለኛል አልኩ፤ አምናም እንዲያው። ትዝ ይልሻል፣ አጎቴ ገበያ ላይ "ይህ ልጅ ከአጋዘን ጋር ይሽቀዳደማል" ሲሉ? በዚህ እግሬ ፊታቸው መቆም አቃተኝ። አንቺም ስለ ረግረጉ ለምን እንደጠየቅኩሽ አሁን ይገባሻል።

ፎቶው ሲደርሰኝ ያለ እኔ ጨረሱ ብዬ አበድኩ። ከዚያ ክምሩን ሳየው ደግሞ ደስ አለኝ፤ አልደብቅሽም፣ ደስ አለኝ። በዚያ ክፉ ደስታ ነው የጻፍኩት። ዓይናቸውን አላወቅኩም። ያንን ደብዳቤ አንቺ በድምፅሽ ልታነቢው እንደነበር ሳስብ ራሴን እጠላዋለሁ።

ትኬት ቆርጫለሁ። ሜይ 9 ግሌን ፊርን እገባለሁ። ለአጎቴ እግሬን ንገሪያቸው፤ ሲያዩኝ እንዳይደነግጡ። ይቅር በይኝ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ስመጣ ስደቢኝ።

ሄክተር


ግሌን ፊርን
ማርች 16 ቀን 1987

ሄክተር፣

ደብዳቤህን አነበብኩለት። ይህኛውን አንድ ቃል ሳልዘልል አነበብኩለት። እግርህ ጋ ስደርስ አስቆመኝ።

"አንካሳ ሆነ?"

"አዎ።"

"ተመስገን፣ እንግዲህ ይጠብቀኛል። ድሮ እኔን ጥሎኝ ነበር የሚሮጠው።"

በማግስቱ ልብሴን አምጪልኝ አለ። ከአልጋው እስከ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት እስከ ደጅ፣ በየቀኑ መራመድ ጀመረ። ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ እኔ ዕቃ እያጠብኩ እሰማዋለሁ። ሃያ። ሠላሳ አምስት። ስድሳ። አራት መቶ እስኪሞላ ነው፣ ሜይ ላይ አንተ ስትመጣ እንዲደርስ። ተው ስለው "አንቺ ማኅተምሽን ምቺ" ይለኛል። እስከ ክምሩ ዋቲ በበቅሎው ሊያወጣው ቃል ገብቶለት ነበር፤ ከዚያ ያለው በእግር ነው አለ፣ ያልረገጡት አይቆጠርም። ሰኞ ዕለት መቶ አርባ ደረሰ፤ የግቢውን በር ነክቶ ተመለሰ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰ እኔን "ሰማሽ?" አለኝ። "አልሰማሁም" አልኩት፤ ሳል እንዳይጀምረው ፈርቼ፣ ተናድጄ። ሰምቼ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ሻይ ይዤለት ስገባ ሞቷል። ሐሙስ ቀበርነው፣ ከእናትህ አጠገብ።

አልቅሼ አልወጣልኝም፤ ተናድጃለሁ። እሱ ዓይኑን ሁለት ዓመት ከአንተ ደበቀ፤ አንተ ዳሌህን ሦስት ዓመት ከእሱ ደበቅክ። አንዱ "ጠብቁኝ" ይላል፣ ሌላው ይጠብቃል፣ እኔ መካከል ላይ ተቀምጬ የሁለታችሁን ውሸት ማኅተም እየመታሁ አሳልፋለሁ። አንዳችሁ አንድ መስመር እውነት ብትጽፉ ኖሮ ካቻምና፣ ገና ጉልበት ሳለው፣ በበትርና በክንድ ተደጋግፋችሁ ትደርሱ ነበር። ድቡልቡል ተራራ እኮ ነው! በግ ይወጣዋል!

ማስታወሻ ደብተሩን ታውቀዋለህ፤ ተራራው፣ ቀኑ፣ አብሮት የነበረው ሰው። ትናንት ከፈትኩት። ሁለት መቶ ሰባ ስድስተኛው ላይ ቀለሙ ያልቃል። ከሱ በታች፣ ዓይኑ ሳይጠፋ በእርሳስ በጻፈው ጽሑፍ፣ "ሜል ዶን" ይላል፣ ቀኑ ባዶ ነው፣ ቀጥሎ "ከሄክተር ጋር" ይላል። ያንን ቀን አንተም እንዳትሞላው፣ እኔም አልሞላውም። ያልረገጠውን ቆጥሮ አያውቅም፤ ሁለት መቶ ሰባ ስድስት ብሎ ሞቷል፣ ሁለት መቶ ሰባ ስድስት ብሎ ይቅር።

ትኬትህን እንዳትመልስ። ድንጋዩ መስኮቱ ላይ ነው። በዋቲ በቅሎ እስከ ክምሩ ትወጣለህ፤ እኔ በእግሬ ከጎንህ ነኝ። ከዚያ ወርደህ በትርህን ትይዝና ወደ ምሥራቅ አራት መቶ እርምጃ ትሄዳለህ። እኔ ክምሩ ጋ ጀርባዬን ሰጥቼ እቆማለሁ፤ እንደ ወጉ። ድንጋዩን አስቀምጥ። ለእሱ የምትለውን በለው፣ እኔ መስማት አልፈልግም። የፈለግከውን ያህል ቆይ። ስትጨርስ ግን ጮክ ብለህ ተጣራ፤ ነፋስ ይበዛል፣ እንዳያመልጠኝ።

ያኔ ዞሬ ወዳንተ እመጣና፣ ሦስት ዓመት ያጠራቀምኩትን ሁሉ እዚያው ጫፉ ላይ ፊት ለፊት እነግርሃለሁ። አንድም አላስቀርም። እየሰማኸኝ ክንዴን ትይዛለህ፣ መውረዱ ከመውጣቱ ይከፋል።

ወፍራም ካልሲ ይዘህ ና።

ኢሽቤል